ሰርቨሩ ልኳል፣ ብራውዘሩ ግን መፍታት አልቻለም

ከድረ-ገጽ ብልሽቶች መካከል ብዙዎቹ ራሳቸውን ይናገራሉ። ሰርቨሩ ከቆመ ጥሪው መልስ አያገኝም፤ ዳታቤዙ ካልተገናኘ ፕሮግራሙ በግልጽ ያሳውቃል፤ የዶሜይን ስሙ ጊዜው ካለፈበት ስሙ ራሱ አይገኝም። ከእነዚህ ሁሉ የሚለየውና በሥራዬ ደጋግሞ የገጠመኝ ብልሽት ግን ሁሉም ነገር ጤነኛ መስሎ ሳለ ገጹ የማይከፈትበት ነው። በሰርቨሩ መዝገብ ላይ ጥያቄው በኮድ 200፣ ማለትም ተሳክቷል ተብሎ ተመዝግቧል፤ የተላከው የባይት ብዛትም ተጽፏል፤ አንባቢው የሚያየው ግን ወይ ነጭ ገጽ፣ ወይ ትርጉም የሌለው የምልክት ክምር፣ ወይም የስሕተት መልእክት ነው። ክሮም የይዘቱን ኮድ መፍታት እንዳልተሳካለት ይገልጻል፤ ፋየርፎክስ ደግሞ ገጹ የተጠቀመበት የእመቃ (መረጃን ለመላክ የማሳነስ) ዓይነት ልክ ያልሆነ ወይም የማይደገፍ ስለሆነ ሊታይ እንደማይችል ይናገራል። የሁለቱም መልእክት ፍሬ ነገር አንድ ነው፤ መረጃው ደርሷል፣ ከታመቀበት ግን ሊወጣ አልቻለም።

ይህን ብልሽት ዘርዘር አድርጌ መጻፍ የፈለግሁት ለችግሩ በየቦታው የሚሰጠው ምክር ስለሚያሳስበኝ ነው። ምክሩ «ማመቁን አጥፉት» የሚል ነው። እውነት ነው፣ ማመቁ ሲጠፋ ገጹ ይከፈታል፤ ብዙ ሰውም ችግሩ እንደተፈታ ቆጥሮ ወደ ሌላ ሥራው ይሄዳል። ነገር ግን ያ ድረ-ገጽ ከዚያ ቀን ጀምሮ ለእያንዳንዱ አንባቢ የሚልከው መረጃ በብዙ እጥፍ ይጨምራል፤ ለዚህም የሚከፍለው የድረ-ገጹ ባለቤት ብቻ አይደለም፤ የሞባይል ጥቅል በሜጋባይት ገዝቶ የሚያነበው ሰው ጭምር ነው። ገጹ በአማርኛ የተጻፈ ከሆነ ደግሞ ጉዳቱ ከላቲን ፊደል ተጠቃሚዎች ይልቅ የእኛን አንባቢዎች ያገኛል። ለምን እንደሆነ ለመረዳት ማመቅ እንዴት እንደሚሠራ ትንሽ ማየት ያስፈልጋል።

ብራውዘር ገጽ ሲጠይቅ «አክሰፕት-ኢንኮዲንግ» በሚባል ሄደር (ከጥያቄው ወይም ከምላሹ ፊት የሚላክ መግለጫ መስመር) ሊፈታቸው የሚችላቸውን የእመቃ ዓይነቶች ይዘረዝራል። ከእነዚህ ውስጥ ጂዚፕና ብሮትሊ በብዛት የሚታዩት ናቸው። ሰርቨሩ ከተዘረዘሩት አንዱን መርጦ ይዘቱን ያምቃል፤ ከዚያም በምላሹ ላይ «ኮንቴንት-ኢንኮዲንግ» በሚለው ሄደር የትኛውን እንደተጠቀመ ይጽፋል። ጂዚፕን ዣን-ሉ ጋይሊና ማርክ አድለር ለመጀመሪያ ጊዜ ያወጡት እ.ኤ.አ. በ1992 ሲሆን፣ የፋይሉ ቅርጽም በ1996 አርኤፍሲ 1952 በተባለው ሰነድ ተደንግጓል። በውስጡ የሚሠራው ዲፍሌት የሚባለው ስልት አንድ ጊዜ ያለፈ ቃል ወይም ሐረግ እንደገና ሲመጣ ሙሉውን አይደግመውም፤ ወደ ኋላ ይህን ያህል ባይት ተመለስና ይህን ያህል ርዝመት ውሰድ ብሎ ይጠቁማል። ብዙ የሚደጋገሙ ምልክቶችን ደግሞ በአጭር ኮድ፣ እምብዛም የማይመጡትን በረጅም ኮድ ይጽፋቸዋል።

አሁን ወደ ፊደላችን ልምጣ። የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ (ለዓለም ፊደላት ቁጥር በሚሰጠው ደረጃ) የተካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 እትም ሲሆን፣ ድረ-ገጾች በሚጠቀሙበት የዩቲኤፍ-8 አጻጻፍ እያንዳንዱ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። «ኢትዮጵያ» የሚለው ባለ 5 ፊደል ስም 15 ባይት ነው፤ ይኸው ስም በእንግሊዝኛ ሲጻፍ 8 ፊደልና 8 ባይት ብቻ ነው። ስለዚህ ሳይታመቅ የሚላክ የአማርኛ ጽሑፍ ከጅምሩ ከባድ ነው። ደግነቱ ይኸው ክብደት ለማመቅ እጅግ የሚመች ነው። «ሀ» በባይት ሲጻፍ 225፣ 136፣ 128 ነው፤ በዋናው የፊደል ሰንጠረዥ ውስጥ ያሉት ሁሉ የመጀመሪያ ባይታቸው 225 ነው፣ ሁለተኛውም ከ136 እስከ 141 ካሉት 6 ቁጥሮች አያልፍም። አንድ አማቂ ፕሮግራም በየሦስት ባይቱ 225ን እያገኘ ሲሄድ ያን ቁጥር በጣም አጭር በሆነ ኮድ ይወክለዋል፤ በየዓረፍተ ነገሩ የሚመላለሱትን «ነው»፣ «እንደ»፣ «ውስጥ» የመሳሰሉትንም በጥቆማ ይተካቸዋል። ዩኒኮድ በፊደላችን ላይ የጫነውን የ3 ባይት ዕዳ በአብዛኛው የሚያቃልልልን ማመቅ ነው። ለዚህ ነው «አጥፉት» የሚለውን ምክር የማልቀበለው።

የብልሽቱ ሥር፣ በየትኛውም መልኩ ቢመጣ፣ አንድ ነው። ብራውዘሩ የሚፈታው በሄደሩ ላይ የተጻፈውን አምኖ ነው፤ ሄደሩ አንድ ነገር ብሎ ይዘቱ ሌላ ሆኖ ከተገኘ ብራውዘሩ ምንም አማራጭ የለውም። ጆንያው ላይ ጤፍ ተብሎ ተጽፎ ሲፈታ ገብስ የተገኘ ያህል ነው፤ ልዩነቱ ሰው ገብሱን ዐይቶ ሊጠቀምበት ሲችል ብራውዘር ግን ሙሉውን ይጥለዋል። አለመጣጣሙ የሚፈጠረው ደግሞ በአንድ ሰርቨር ውስጥ ብቻ አይደለም። ዛሬ አንድ ገጽ አንባቢው ጋ እስኪደርስ ፕሮግራሙን፣ የፕሮግራሙን ካሽ ፕለጊን (የተዘጋጀ ገጽ ለቀጣይ ጊዜ የሚያስቀምጥ ተጨማሪ ፕሮግራም)፣ ፕሮግራሙ የተጻፈበትን የፒኤችፒ ቋንቋ ማቋቻ (ጊዜያዊ ማከማቻ)፣ አፓቼን ወይም ኤንጂንኤክስን የመሰለ የሰርቨር ፕሮግራም፣ ከፊት የቆመውን ፕሮክሲ (ተቀብሎ አስተላላፊ ሰርቨር)፣ ከዚያም በየአህጉሩ ቅጂ የሚያስቀምጠውን የይዘት ማከፋፈያ መረብ ያልፋል። እያንዳንዳቸው ማመቅ ይችላሉ፤ ሄደር መጨመርና መቀነስም ይችላሉ። እንግዲህ ችግሩን የሚፈልግ ሰው መጠየቅ ያለበት የትኛው ቅንብር እንደተሳሳተ ሳይሆን አስቀድሞ ማን እንዳመቀና ማን እንደጻፈ ነው።

በውጭ አገር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን በሚያዘጋጁት አንድ የዜናና የባህል ድረ-ገጽ ላይ የገጠመኝን ልጥቀስ፤ ሥራው በፈቃደኞች የሚካሄድ ስለሆነ ስሙን አላነሣም። አንባቢዎች ገጹ እንደማይከፈት በተከታታይ ይጽፋሉ፤ አዘጋጁ ደግሞ እሱ ዘንድ ያለ ምንም ችግር እንደሚከፈት አጥብቆ ይናገራል። ሁለቱም እውነታቸውን ነበር። አዘጋጁ ወደ ድረ-ገጹ በስሙ ገብቶ የሚሠራ ስለሆነ የሚያየው በየጊዜው አዲስ የሚዘጋጀውንና ያልታመቀውን ገጽ ነው፤ ሳይገቡ የሚያነቡት ግን ታምቆ የሚመጣውን ያገኛሉ። በዎርድፕረስና በመሰል የድረ-ገጽ ማስተዳደሪያ ሥርዓቶች ለገባ ሰው ካሽ አለመስጠት የተለመደ አሠራር ነው፤ ትክክለኛም አሠራር ነው፤ ነገር ግን ባለቤቱን ከአንባቢዎቹ ችግር ይጋርደዋል። ከዚያ ወዲህ ማንም «እኔ ጋ ይከፈታል» ሲለኝ መጀመሪያ የምጠይቀው መውጣቱንና በማይታወቅ (ኢንኮግኒቶ) መስኮት መሞከሩን ነው።

ከዚህ የባሰ የሚያሳስተው ከትእዛዝ መስመር የሚደረግ ሙከራ ነው። ብዙዎቻችን ድረ-ገጽን ለመመርመር ከርል የሚባለውን መሣሪያ እንጠቀማለን፤ ገጹ በንጹሕ ጽሑፍ ሲመጣ ስናይም ሰርቨሩ ጤነኛ ነው ብለን እንደመድማለን። ከርል ግን በራሱ «አክሰፕት-ኢንኮዲንግ» ሄደርን አይልክም። ማመቅን ያልጠየቀ ሰው ያልታመቀ ገጽ ያገኛል፤ ስለዚህ የተሞከረው የተበላሸው መንገድ አይደለም። ትክክለኛው ሙከራ ብራውዘር እንደሚያደርገው ጂዚፕን ጠይቆ፣ ምላሹን ሳይፈቱ እንዳለ በፋይል ማስቀመጥና የመጀመሪያዎቹን ባይቶች ማየት ነው። ኦዲ የሚባለው የዩኒክስ መሣሪያ ባይቶቹን በተራ ቁጥር ሊያሳይ ይችላል። ትክክለኛ የጂዚፕ ይዘት ምንጊዜም በ31 እና በ139 ይጀምራል፤ ሦስተኛውም 8 ነው፣ ይህም ዲፍሌትን ያመለክታል። ከሄደሩ ጎን ለጎን እነዚህን ቁጥሮች ብቻ በማየት ብልሽቱ ከየትኛው ወገን እንደሆነ በአብዛኛው መለየት ይቻላል። ሄደሩ ጂዚፕ ብሎ ይዘቱ በ60 ከጀመረ፣ ያ ቁጥር የኤችቲኤምኤል (የድረ-ገጽ መጻፊያ ቋንቋ) ምልክት መክፈቻ ነውና ያልታመቀ ገጽ እንደታመቀ ተጽፎበታል ማለት ነው። ይዘቱ በ31 እና በ139 ጀምሮ ሄደሩ ዝም ካለ ደግሞ አንባቢው የሚያየው የምልክት ክምር ነው።

በዚያ ድረ-ገጽ ያገኘሁት ግን ከሁለቱም የተለየ ነበር። ይዘቱ የጀመረው በ239፣ 187፣ 191 ነበር፤ 31 እና 139 የመጡት ከእነዚያ በኋላ ነው። እነዚህ ሦስት ባይቶች አንድ ፋይል በዩቲኤፍ-8 የተጻፈ መሆኑን ለማመልከት በመነሻው ላይ የሚቀመጡ የማይታዩ ምልክቶች ናቸው። ከየት መጡ የሚለውን መከተል አስፈላጊ ነው፤ ይህ ብልሽት በአማርኛ ድረ-ገጾች ላይ እንዲበዛ የሚያደርግ ምክንያት አለውና። በላቲን ፊደል የሚጽፍ ሰው የፒኤችፒ ፋይል በዊንዶውስ ኖትፓድ ከፍቶ ሲያርም ፋይሉን በነባሩ ምርጫ ሊያስቀምጠው ይችል ነበር። አማርኛ የሚጽፍ ሰው ግን ፊደሉ ወደ ጥያቄ ምልክትነት እንዳይለወጥበት የግድ ዩቲኤፍ-8ን መምረጥ ነበረበት፤ ኖትፓድም እ.ኤ.አ. በ2019 በወጣው የዊንዶውስ 10 ማሻሻያ እስኪለወጥ ድረስ በዚህ ምርጫ ለሚቀመጥ ፋይል ሁሉ ሦስቱን ባይቶች በመነሻው ላይ ይጨምር ነበር። በመሆኑም በቅንብር ፋይል ውስጥ አንድ የአማርኛ ርእስ ማረም ብቻ ድረ-ገጹን በሙሉ ለመዝጋት ይበቃ ነበር። የእነዚያ ዓመታት ፋይሎች ዛሬም በየሰርቨሩ አሉ፤ ሰዎችም ከአንዱ ድረ-ገጽ ወደ ሌላው እየቀዱ ያሻግሯቸዋል።

ሦስት ባይቶች ይህን ያህል ጉዳት የሚያደርሱበት መንገድ እንዲህ ነው። ፒኤችፒ የሚያወጣውን ጽሑፍ ወዲያው ሳይልክ መጀመሪያ በማቋቻ ውስጥ የሚያከማችበት ቅንብር አለው፤ ሲጫን አብሮት የሚመጣው የናሙና ቅንብር ፋይልም ይህን ማቋቻ በ4096 ባይት ይከፍተዋል። ምልክት ያለበት ፋይል ሲነበብ ሦስቱ ባይቶች በዚያ ማቋቻ ውስጥ ይገባሉ። ሄደሩ ገና ስላልተላከ ምንም የስሕተት መልእክት አይወጣም። ከዚያ ፕሮግራሙ የራሱን የማመቂያ ማቋቻ በውስጡ ይከፍታል፣ ገጹን ያዘጋጃል፣ ያምቃል፣ የጂዚፕ ሄደሩንም ይጽፋል። በመጨረሻ የታመቀው ይዘት ወደ ውጪኛው ማቋቻ ሲፈስ ሦስቱን ባይቶች ቀድመውት ያገኛቸዋል፤ አብረውም ይላካሉ። ብራውዘሩ የጂዚፕ መነሻ ብሎ የሚጠብቀው 31ን ነው፤ የሚያገኘው 239ን ነው፤ እዚያው ላይ ያቆማል። ያልታመቀ ገጽ ቢሆን ኖሮ እነዚያ ባይቶች ሳይታዩ ባለፉ ነበር፤ ማመቁ ያን ሁሉ ዘመን ተሸፍኖ የኖረውን ስሕተት ገልጦ አወጣው እንጂ ጥፋቱ የእሱ አልነበረም። ከፒኤችፒ መዝጊያ ምልክት በኋላ የቀረ ባዶ መስመርም፣ ከማመቁ በፊት የታተመ አንድ ማስጠንቀቂያም በትክክል ይህንኑ ውጤት ያመጣሉ። በተለይ ማስጠንቀቂያው ተንኮለኛ ነው፤ የፒኤችፒ እትም በሆስቲንግ ኩባንያው ሲሻሻል ድሮ ያልነበረ ማስጠንቀቂያ መታተም ይጀምርና፣ ማንም ምንም ያልነካው ድረ-ገጽ በአንድ ጠዋት መከፈት ያቆማል።

ሁለት ጊዜ ማመቅ ሌላው ተደጋጋሚ ጉዳይ ነው። አፓቼም ሆነ ኤንጂንኤክስ ከውስጥ የመጣላቸው ምላሽ «ኮንቴንት-ኢንኮዲንግ» የሚል ሄደር ካለበት እንደገና አያምቁትም፤ በዚህ ረገድ ጠንቃቆች ናቸው። ጥንቃቄያቸው የሚከሽፈው ከውስጥ ያለው ፕሮግራም አምቆ ሄደሩን ሳይጽፍ ሲቀር ነው። ለምሳሌ አንድ ካሽ ፕሮግራም ገጹን አምቆ በዲስክ ላይ ካስቀመጠው በኋላ በሚቀጥለው ጊዜ ያን ፋይል እንዳለ አንብቦ ተራ ኤችቲኤምኤል እንደሆነ አድርጎ ይሰጣል፤ ከፊት ያለው ሰርቨርም የተነገረውን አምኖ ያምቀዋል፣ የራሱንም ሄደር ይጽፋል። ብራውዘሩ አንድ ጊዜ ይፈታና ከውስጡ ሌላ የታመቀ ይዘት ያገኛል፤ አንባቢውም የምልክት ክምር ያያል። በዚህ ጊዜ ብራውዘሩ የስሕተት መልእክት ስለማያወጣ ብዙ ሰው ችግሩን የፊደል ኮድ ወይም የፎንት ችግር አድርጎ ይወስደዋል። እኛ ዘንድ ይህ ግምት ይበልጥ ይበረታል፤ ለረጅም ዓመታት አማርኛን በኢንተርኔት ያነበበ ሰው ያልተለመደ ምልክት ሲያይ መጀመሪያ የሚያስበው ፎንቱን ነውና። መለያው ቀላል ነው፤ የተቀመጠውን ፋይል አንድ ጊዜ ፈትቶ መጀመሪያው እንደገና 31 እና 139 መሆኑን ማየት ነው። በፒኤችፒ ውስጥ ራሱ ሁለት የማመቂያ መንገዶች ስላሉ፣ አንዱ በቅንብር ፋይል ሌላው በፕሮግራሙ ውስጥ የሚከፈት፣ ሁለቱን አብሮ መጠቀም እንደማይቻል መመሪያው በግልጽ ይናገራል።

የርዝመት ጉዳይም ሳይነሣ መታለፍ የለበትም። «ኮንቴንት-ሌንግዝ» የሚለው ሄደር የሚላከው ይዘት ስንት ባይት እንደሆነ ይናገራል፤ ይዘቱ ከታመቀ መጻፍ ያለበት የታመቀው ርዝመት ነው። መሐል ላይ ያለ አንድ ክፍል 60,000 ባይት የነበረውን ገጽ ወደ 12,000 አምቆ የድሮውን ቁጥር ካልለወጠው፣ ብራውዘሩ ፈጽሞ የማይመጡትን 48,000 ባይቶች ይጠብቃል፤ መስመሩ ተቋርጦ እስኪዘጋ ድረስ ገጹ ሲሽከረከር ይቆያል። በተቃራኒው የተጻፈው ቁጥር ካነሰ ይዘቱ መሐሉ ላይ ይቆረጣል፤ የተቆረጠ ጂዚፕ ደግሞ በመጨረሻው ላይ ያለውን የማረጋገጫ ቁጥር ስለሚያጣ ያልተሟላ ይሆናል። እዚህም ላይ ፊደላችንን የሚመለከት ነገር አለ። አንዳንድ ፕሮግራም ጸሐፊዎች ርዝመቱን የሚቆጥሩት በባይት ሳይሆን በፊደል ነው። በእንግሊዝኛ ገጽ ላይ ሁለቱ ቁጥሮች በአብዛኛው እኩል ስለሆኑ ስሕተቱ አይታወቅም፤ በአማርኛ ገጽ ላይ ግን የፊደሉ ቁጥር የባይቱ ሢሶ ገደማ ስለሆነ ጽሑፉ ከሢሶው በኋላ ይቆረጣል። አንድ ፕሮግራም በእንግሊዝኛ ሠርቶ በአማርኛ ሲቆርጥ ካያችሁ ከሁሉ አስቀድማችሁ ይህን መርምሩ።

ታምቀው አስቀድመው የሚቀመጡ ፋይሎች ያሏቸው ችግሮች ቀላል ናቸው። ዋናው ፋይል ታርሞ የታመቀው ቅጂ ካልታደሰ አንባቢው አሮጌውን ያገኛል፤ የታመቀው ፋይል በኤፍቲፒ (ፋይል ወደ ሰርቨር መላኪያ ስልት) የጽሑፍ ዘዴ ከተላከ ደግሞ የመስመር መጨረሻ ምልክቶቹ ስለሚለወጡ ይበላሻል። የመጀመሪያው በማደስ፣ ሁለተኛው ባይቶቹን በማይለውጠው የባይነሪ ዘዴ እንደገና በመላክ ይታረማል።

ከሁሉ ይበልጥ ጊዜ የሚወስደው ግን አንድ ሰው ጋ ተከፍቶ ሌላው ጋ የማይከፈተው ነው፤ ምንጩም ካሽ ነው። መሐል ላይ ያለ ካሽ የመጀመሪያው ጠያቂ በጂዚፕ ወይም በብሮትሊ የተቀበለውን ቅጂ አስቀምጦ፣ ቀጥሎ ለሚመጣውና ያን ዓይነት ሊፈታ ለማይችለው ጠያቂ ይሰጠዋል። ይህን የሚከለክለው «ቬሪ» የሚባለው ሄደር ነው፤ ካሹ በ«አክሰፕት-ኢንኮዲንግ» ልክ የተለያዩ ቅጂዎችን እንዲይዝ ያዝዛል። በኤንጂንኤክስ ውስጥ ይህን ሄደር የሚጨምረው ቅንብር ካልከፈቱት ዝግ ነው፤ የብዙ ሰርቨር ባለቤቶች ማመቁን ከፍተው ይህን ይረሱታል። ውጤቱ ወዲያው ስለማይታይ ያሳዝናል፤ አብዛኛው ብራውዘር ጂዚፕን ስለሚፈታ ችግሩ የሚወድቀው በጥቂቶች ላይ ነው፤ ጥቂቶቹም ማን ጋ እንደሚያመለክቱ አያውቁም።

መሐል ላይ ያሉ መሣሪያዎች የሚያደርሱት ጉዳት አዲስ ነገር አይደለም፤ የማመቅ ታሪክ በሙሉ ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። የአፓቼ መመሪያ ለረጅም ጊዜ የኔትስኬፕ 4 ብራውዘርን የሚመለከቱ መስመሮች ይዞ ኖሯል፤ ያ ብራውዘር ከኤችቲኤምኤል ውጪ ያለ ነገር ሲታመቅ ስለሚቸገር፣ አንዳንዶቹ እትሞቹም ከናካቴው መፍታት ስለማይችሉ ነው። ዲፍሌት የሚለው ስምም ለዓመታት ሲያከራክር ነበር፤ ደረጃው ዝሊብ በሚባል ቅርጽ የተጠቀለለውን ሲያመለክት አንዳንድ ሰርቨሮች ጥሬውን ይልኩ ስለነበር ብራውዘሮች ሁለቱንም እየሞከሩ እንዲፈቱ ተገደዋል። እ.ኤ.አ. በ2016 በአርኤፍሲ 7932 የተደነገገው ብሮትሊ ሲመጣ የብራውዘር ሠሪዎች ከዚህ ተምረው በተመሰጠረ ግንኙነት ብቻ እንዲሠራ ወሰኑ፤ ምክንያቱም ባልተመሰጠረ መስመር ላይ ያሉ ፕሮክሲዎች የማያውቁትን የእመቃ ዓይነት ሲያዩ ይዘቱን ይነካካሉ። ስለዚህ ብሮትሊን ከፍተው «አልሠራም» የሚሉ ሰዎች መጀመሪያ አድራሻቸው በኤችቲቲፒኤስ፣ ማለትም በተመሰጠረው ግንኙነት፣ መሆኑን ይመልከቱ። ብሮትሊ እንደ ጂዚፕ መለያ መነሻ ባይት እንደሌለውም ማወቅ ይጠቅማል፤ ፋይሉን ዐይቶ ብሮትሊ ነው ማለት ስለማይቻል ማረጋገጫው ሞክሮ መፍታት ብቻ ነው።

ስለ ብሮትሊ ከተነሣ አይቀር አንድ ቅሬታ ላክል። ብሮትሊ አብሮት የሚጓዝ መዝገበ ቃላት አለው፤ በውስጡም ከኤችቲኤምኤል ምልክቶች ጋር የእንግሊዝኛ፣ የስፓኝኛ፣ የቻይንኛ፣ የሂንዲ፣ የሩስያኛና የዓረብኛ ቃላት ተካትተዋል። አማርኛ የለም። እንዲያም ሆኖ የገጹ የኤችቲኤምኤል ክፍል ከመዝገበ ቃላቱ ስለሚጠቀም፣ ወደ ኋላ የሚመለከትበት ርቀትም ከጂዚፕ 32 ኪሎባይት እጅግ ስለሚሰፋ ለረጅም የአማርኛ ጽሑፍ ይጠቅማል። 32 ኪሎባይት ማለት ለእኛ ወደ 11 ሺህ ፊደል ብቻ ነው፤ ከዚያ በፊት የተጻፈውን ጂዚፕ አያስታውሰውም።

መፍትሔውን በሚመለከት የደረስኩበት አቋም ማመቅ በመንገዱ ላይ አንድ ባለቤት ብቻ ሊኖረው ይገባል የሚል ነው። አብዛኛውን ጊዜ ይህን ኃላፊነት ለአንባቢው ቅርብ ለሆነው ሰርቨር እሰጣለሁ፤ በፒኤችፒ ቅንብር፣ በፕለጊኑና በፕሮግራሙ ውስጥ ያሉትን ግን በሙሉ እዘጋለሁ። ሰርቨሩ ይዘቱን ራሱ ሲያምቅ ርዝመቱንም ሄደሩንም ራሱ ስለሚያስተካክል አለመጣጣም የሚፈጠርበት ቀዳዳ ይጠባል። የማመቂያውን የፋይል ዓይነቶች ዝርዝርም አብሬ አስተካክላለሁ፤ ኤንጂንኤክስ በራሱ የሚያምቀው ኤችቲኤምኤልን ብቻ ስለሆነ የስታይልና የጃቫስክሪፕት ፋይሎች በስም መጨመር አለባቸው። ፎቶዎችና በዎፍ2 የተዘጋጁ የግእዝ ፎንቶች ግን ቀድሞውኑ የታመቁ ስለሆኑ አይጨመሩም።

በዚያ ድረ-ገጽ ላይም ያደረግሁት ይህንኑ ነው። መነሻ ምልክት ያለባቸውን ፋይሎች ፈልጌ ምልክቱን አስወገድሁ፣ የፕለጊኑን ማመቂያ ዘጋሁ፣ የሰርቨሩን ከነቬሪ ሄደሩ ከፈትሁ። ከዚያ በኋላ ካሽን ማጽዳት የግድ ነው፤ መጀመሪያ የፕለጊኑን፣ ቀጥሎ የፕሮክሲውን፣ በመጨረሻም የማከፋፈያ መረቡን፣ በዚህ ቅደም ተከተል። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ የውጪው ካሽ ከውስጠኛው የተበላሸውን ቅጂ መልሶ ይወስዳል። በአንባቢዎች ብራውዘር ውስጥ የተቀመጡትን የተበላሹ የስታይልና የስክሪፕት ፋይሎች ግን ከሰርቨሩ ሆኖ መሰረዝ አይቻልም፤ ለእነሱ ያለው መንገድ የፋይሎቹን ስም መለወጥና ገጹ በአዲሱ ስም እንዲጠራቸው ማድረግ ነው። የኤችቲኤምኤል ገጹ ራሱ ለረጅም ጊዜ እንዲቀመጥ ታዝዞ ከነበረ ደግሞ ጊዜው እስኪያልፍ መጠበቅ፣ ወይም አንባቢዎች ገጹን እንዲያድሱት በሌላ መንገድ ማሳወቅ ይቀራል፤ እኛም በቴሌግራም ቻናላቸው ይህንኑ አስታወቅን።